ሥዕሉ የቀረው ድልድይ፦ ስለ ላንግሉዋ ድልድይና ስለ መሳል ትምህርት

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ በፌብሩዋሪ 1888 ከፓሪስ ተነሥቶ አርል ወደምትባለው የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ገባ (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከደረሰ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በአንድ ቦይ ላይ የተሠራ የእንጨት ድልድይ ቀልቡን ሳበው፤ በዚያው ዓመትም ደጋግሞ ሣለው። ዛሬ የሚታወቁት አራት የዘይት ቀለም ሥዕሎች፣ አንድ የውሃ ቀለም ሥዕልና አራት ንድፎች ናቸው። የሥነ ጥበብ ሰዎች ስለ ሰማያዊውና ስለ ብርቱካንማው ቀለም ብዙ ጽፈዋል። እኛ ግን ዓይናችን ያረፈው በንድፎቹ ላይ ነው። ቀለም የሌላቸው፣ በብዕርና በቀለም ውሃ ብቻ የተሠሩ እነዚህ ወረቀቶች ድልድዩ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን እንዴት ይሠራ እንደ ነበረም ያሳያሉ። ይህን ማሳየት የቻሉት ሣዩ ሲስል እየመረመረ ስለ ነበረ ነው ብለን እናምናለን። በሳይንስ ትምህርታችን ውስጥ መሳል እየተረሳ መሄዱ የሚያሳስበንም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ድልድዩ ለምን እዚያ እንደ ተሠራ እንመልከት። የሮን ወንዝ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲደርስ ይዞት የመጣውን አሸዋና ደለል በመግቢያው ላይ ያራግፋል፤ በዚህም ምክንያት መርከቦች ከባሕር ወደ ወንዙ ሲገቡ ይቸገሩ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከአርል እስከ ባሕር ዳርቻዋ ቡክ ድረስ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦይ መቆፈር ነበር። ሥራው የተጀመረው በናፖሊዮን ዘመን፣ የተጠናቀቀው ደግሞ በ1830ዎቹ ነው። ቦዩ በተቆፈረበት ሁሉ የቀድሞው መንገድ ተቆረጠ፤ መንገዱን ለመቀጠልም ድልድይ አስፈለገ። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ይነሣል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ድልድዩን ከፍ አድርጎ ለመሥራት ረጅም የአፈር መወጣጫ ያስፈልጋል። ዝቅ አድርጎ መሥራት ደግሞ የጀልባዎቹን ምሰሶ ያግዳል። ስለዚህ ጀልባ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሣ፣ ጋሪ ሲመጣ የሚተኛ ድልድይ ተመረጠ። በሆላንድ የውሃ ቦዮች ላይ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የቆየው ዓይነት ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ በባዕድ አገር ይህን ድልድይ አይቶ ልቡ ቢነካ አያስገርምም፤ የልጅነት አገሩን ዕቃ ነው ያየው።

የድልድዩ ኦፊሴላዊ ስም ሬጂኔል ነበር። ሕዝቡ ግን በጠባቂው ስም «የላንግሉዋ ድልድይ» ይለው ነበር፤ በታሪክም የቀረው ይኸው ስም ነው። መሐንዲሱ ተረስቶ ሰንሰለቱን ይጎትት የነበረው ሰው ስም መቅረቱ ለእኛ ደስ የሚል ነገር ነው።

አሁን ወደ ንድፉ እንመለስ። ከንድፎቹ አንዱ በሎስ አንጀለስ፣ ሌላው በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ሙዚየም ይገኛል። በግራና በቀኝ የድንጋይ መደገፊያ ይታያል። በየመደገፊያው ላይ እንደ በር ጉበን የቆመ የእንጨት ማዕቀፍ አለ። በማዕቀፉ ራስ ላይ ረጃጅም አግዳሚ ወራጆች ተጋድመዋል፤ የወራጆቹ አንድ ጫፍ ወደ ቦዩ መሐል፣ ሌላው ጫፍ ወደ መንገዱ ይዘልቃል። ወደ ቦዩ ከሚዘልቀው ጫፍ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች የድልድዩን ወለል ይይዛሉ። ወለሉ ራሱ ከመሐል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፋይ በየበኩሉ ይነሣል። ይህን ሁሉ ሣዩ ያስቀመጠው በጥቂት የብዕር ጭረት ነው። ሆኖም አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሥዕል በጥሞና ቢመለከት ድልድዩን ለማንሣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ለማስላት የሚያበቃውን ቅርጽ ያገኛል።

እስቲ እንሞክረው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል እኛ የመረጥናቸው እንጂ ከድልድዩ የተለኩ አይደሉም። ከሁለቱ የወለል ክፋዮች የአንዱ ርዝመት 4 ሜትር፣ ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ክፋዩ በአንድ ጫፉ በማጠፊያ ተይዟል፤ በሌላው ጫፉ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። የክብደቱ ማዕከል በመሐል፣ ማለትም ከማጠፊያው 2 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ግማሹን ክብደት ማጠፊያው ሲሸከም ሰንሰለቱ የሚይዘው የቀረውን 1,000 ኪሎ ግራም ነው። ሰንሰለቱ ከላይ የታሰረው በወራጁ ጫፍ ላይ ነው። ወራጁ የሚዞርበት ነጥብ ከወለሉ ማጠፊያ በቀጥታ በላይ ከሆነ፣ የወራጁ የፊት ክንድም 4 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ወራጁ መፈንቅል ነው። የኋላ ክንዱ 2 ሜትር ቢሆን፣ በዚያ ጫፍ ላይ 2,000 ኪሎ ግራም ማመዛዘኛ ክብደት ብናስቀምጥ ሁለቱ ወገኖች ይተካከላሉ፤ 1,000 በ4 ሲባዛ 4,000 ነው፣ 2,000 በ2 ሲባዛም 4,000 ነው። (የወራጁን የራሱን ክብደት ለጊዜው ትተነዋል።)

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያውቀው የመፈንቅል ሕግ ነው። የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ወለሉ ሲነሣ ምን ይሆናል? ወለሉ ከአግድም 60 ዲግሪ ከፍ ሲል የክብደቱ ማዕከል ከማጠፊያው ያለው አግድም ርቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ የ60 ዲግሪ ኮሳይን 0.5 ነውና። ስለዚህ ወለሉ ወደ ታች የመጎተት አቅሙ ይዳከማል። ማመዛዘኛው ግን እንደ ቀድሞው ቢጎትት ወለሉ በኃይል ተወርውሮ ይነሣ ነበር፤ ጠባቂውንም፣ ድልድዩንም ባጠፋ ነበር። ይህ እንዳይሆን ያደረገው የሥዕሉ ቅርጽ ነው። ወለሉ፣ ሰንሰለቱ፣ የወራጁ የፊት ክንድና የማዕቀፉ ምሰሶ አራት ጎን ያለው ፓራሌሎግራም ይሠራሉ። የፓራሌሎግራም ተቃራኒ ጎኖች ምንጊዜም ትይዩ ናቸው፤ እንግዲያው ወለሉ 60 ዲግሪ ሲነሣ ወራጁም 60 ዲግሪ ይነሣል፤ ማመዛዘኛውም ከመዞሪያው ያለው አግድም ርቀት በዚያው ልክ በግማሽ ይቀንሳል። ሰንሰለቱም ሁልጊዜ ከምሰሶው ጋር ትይዩ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። በሁለቱም ወገን ያለው ኮሳይን አንድ ስለሆነ ይጣፋል። ድልድዩ በ10 ዲግሪም፣ በ40 ዲግሪም፣ በ70 ዲግሪም ሚዛኑን እንደ ጠበቀ ነው። ጠባቂው የሚታገለው ከሰበቃና ከነፋስ ጋር ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ግንበኞች የወለሉን ወገን በጥቂቱ ያከብዱታል፤ ድልድዩ ከተኛ በኋላ በራሱ እንዳይነሣ ነው።

ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት አስቸጋሪ አይደለም። የሚያስቸግረው ተማሪው ራሱ እንዲያየው ማድረግ ነው። ሰንሰለቱን የሚስል እጅ «ይህ ሰንሰለት ከየት ተነሥቶ የት ያርፋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምሰሶውን የሚስል እጅ ሰንሰለቱና ምሰሶው ትይዩ መሆናቸውን ሳያስተውል አያልፍም። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያይ ድልድዩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ፎቶግራፍን መናቃችን አይደለም፤ የላንግሉዋ ድልድይ ራሱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ምስሉም ሥዕሎቹን ለማነጻጸር ይጠቅማል። የምንለው ካሜራው አይቶ ሰውየው ሳያይ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው ነው።

«ሠዓሊ እንደ ልቡ ይስላል እንጂ ይለካል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቫን ጎግ ቀለም ሲቀባ ነጻነቱን እንደ ተጠቀመ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰውየው አንድ መሣሪያ ነበረው። በ1882 በሆላንድ በሄግ ከተማ ሳለ የእይታ ማዕቀፍ አሠርቶ ነበር፤ ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤም ንድፉን አስቀምጦታል። ማዕቀፉ ባዶ መስኮት የሚመስል፣ በመሐሉ ቀጥ ያለ፣ አግድምና ሰያፍ ክር የተወጠረበት፣ በሁለት እንጨት ላይ በችካል ተይዞ በሜዳ የሚተከል ነው። ሠዓሊው በክሮቹ መሐል አሻግሮ ያያል፤ የምሰሶው ጫፍ ከየትኛው ክር ጋር እንደሚገናኝ ያይና በወረቀቱ ላይ በዚያው ቦታ ያሰፍራል። አርል ውስጥ ይህን ድልድይ ሲስልም በዚሁ መሣሪያ ተጠቅሟል።

የዚህ መሣሪያ ምሥጢር የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ነው። ዓይናችን ከማዕቀፉ በ1 ሜትር፣ ምሰሶው ከዓይናችን በ50 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ 5 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ በማዕቀፉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል። በ100 ሜትር ርቀት ቢሆን 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ማዕቀፍ በጥንቃቄ የተሠራ ሥዕል የመለኪያ መዝገብ ሊሆን ይችላል። በሥዕሉ ውስጥ ቁመቱ የሚታወቅ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ በድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ካለ፣ በዚያው ርቀት ላይ ያለውን ምሰሶ በሰውየው ቁመት ማካፈል ይቻላል። የዛሬ ቀያሾች ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ካርታ ሲሠሩ የሚከተሉት መሠረታዊ ሐሳብ ከዚህ አይርቅም። እርግጥ ነው፣ ሥዕሉ ሁሉንም አይነግረንም። የመሠረቱን ጥልቀት፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የሰንሰለቱን ውፍረት ከዚህ ወረቀት ለማውጣት የሚሞክር ሰው ልብ ወለድ መጻፍ ይጀምራል።

ስለ ብዕሩ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ቅር ይለናል። ቫን ጎግ በአርል ሳለ ይስል የነበረው በአካባቢው ከሚበቅል መቃ ራሱ እየቀረጸ በሚያዘጋጀው ብዕር ነበር። የመቃ ብዕር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ሲቀርጹት የኖሩት ነው። የመቃ ብዕር ቀለም የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቅበታል፤ ጭረቱ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ የተሳሳተውን መፋቅም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሚስለው ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ማየቱን መጨረስ አለበት። ለዚህ ይመስለናል በንድፎቹ ውስጥ ያለ ምክንያት የተሠመረ መስመር የማናገኘው።

ድልድዩስ የት ደረሰ? ታሪኩ ትንሽ ጠመዝማዛ ነው። በ1930 የእንጨቱ ድልድይ ተነሥቶ በምትኩ የብረትና የሲሚንቶ ድልድይ ተሠራ። በ1944 የጀርመን ሠራዊት ሲያፈገፍግ በቦዩ ላይ የነበሩትን ድልድዮች ሲያፈርስ ይህም አብሮ ፈረሰ። የተረፈው በባሕሩ አጠገብ በፎስ ሱር ሜር የነበረው፣ ከላንግሉዋ ጋር ተመሳሳይ የሆነው ተነሺ ድልድይ ብቻ ነበር። በ1959 ይህ የፎስ ድልድይ ተፈታ፤ ሐሳቡ በላንግሉዋ ቦታ ላይ ለመትከል ነበር። ቦታው ግን በግንባታ ምክንያት አልተመቸም። በመጨረሻ ከቀድሞው ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሞንካልድ የውሃ በር አጠገብ ተተከለ። ዛሬ «የቫን ጎግ ድልድይ» ተብሎ ጎብኚ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ቫን ጎግ ይህን ድልድይ አልሣለውም። የቆመበትም ስፍራ ሠዓሊው የቆመበት ስፍራ አይደለም። አንዳንዶች ይህን ማጭበርበር ነው ይላሉ። እኛ እንዲህ ለማለት አንደፍርም። በአንድ ቦይ ላይ፣ ለአንድ ዓላማ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር ከተሠሩት ድልድዮች የመጨረሻውን ከመበስበስ አድኖ ማቆም መልካም ሥራ ነው፤ ፓራሌሎግራሙን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ሄዶ የሚያየው እዚያ ነው። የምንቃወመው ስሙን ነው። በሳይንስ አንድን ናሙና በሌላው ናሙና ስም መሰየም ስሕተት ነው፤ ሁለቱ የአንድ ዝርያ አባላት ቢሆኑም እንኳ። «የፎስ ድልድይ፤ ቫን ጎግ ከሣለው ጋር ተመሳሳይ» ቢባል እውነቱም ይጠበቃል፣ ጎብኚውም አይቀርም። ከዚህም በላይ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው ሥዕሉን ከድልድዩ ጋር አያነጻጽርም፤ ማነጻጸር ካልቀረ ልዩነታቸው ብዙ ያስተምር ነበር።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። መፈንቅልን የተማርነው እንዴት ነው? በሰሌዳ ላይ አንድ መስመር፣ ከሥሩ አንዲት ሦስት ማዕዘን፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቀስት። ያንን ሥዕል በደብተራችን ገልብጠን ፎርሙላውን አጠናን፤ ፈተናውን አለፍን። በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ መፈንቅል ማለት ዛሬም ያቺ በሦስት ማዕዘን ላይ የተቀመጠች መስመር ናት። በቤተ ሙከራ ሪፖርታችንም የመሣሪያውን ሥዕል ከማኑዋሉ እንቀዳለን፤ አሁን አሁን ደግሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ አንሥተን እንለጥፋለን። ከፊታችን ያለውን መሣሪያ ቀና ብለን ሳናይ ሪፖርቱ ይጠናቀቃል። መምህራን ይህን የሚቀበሉት ሰዓት ስለሚያጥርና ተማሪው ስለሚበዛ መሆኑን እናውቃለን፤ 60 ሥዕል ማረም ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚህ የምናጣው ቀላል አይመስለንም። ቶርክን እስከ ሦስት ዴሲማል የሚያሰላ፣ ነገር ግን አንድን የተበላሸ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ከፍቶ ጉልበቱ ከእጀታው ወደ ዘንጉ በየት በኩል እንደሚተላለፍ ለማሳየት የሚቸገር ተመራቂ እናፈራለን።

«እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለው መልስ ሁሌም አለ። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው፦ ቫን ጎግም ማዕቀፍ ያስፈለገው በዓይኑ ብቻ ቢተማመን መስመሩ ስለሚጣመምበት ነው። አራት የእንጨት ዘንግ፣ ጥቂት ክርና ምስማር ማንኛውም ተማሪ ቤት ይገኛል። ማዕቀፉን መሥራቱ ራሱ የጂኦሜትሪ ትምህርት ነው።

የሚሳለውን ለማግኘትም ፈረንሳይ መሄድ አያሻም። ከከተማ በሚያስወጡ መንገዶች ላይ ያለውን የኬላ ማገጃ ማን ያላየ አለ? ረጅሙ ክንድ መንገዱን ይዘጋል፤ በአጭሩ ክንድ ጫፍ ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ብረት ታስሯል፤ ዘበኛው በአንድ እጁ ያነሣዋል። የላንግሉዋ ወራጅ የሥጋ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ሰንሰለትና ወለል የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። የብዙ ትምህርት ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መግቢያም እንዲህ ያለ ማገጃ አለው። (ከመሳል በፊት ዘበኛውን ማስፈቀድ አይዘንጋ፤ በር ላይ ቆሞ የሚለካና የሚስል ሰው ጥርጣሬ ላይ መውደቁ አይቀርም።)

ስለዚህ ለፊዚክስ መምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመፈንቅል ምዕራፍ መጀመሪያ፣ ፎርሙላው ከመጻፉ በፊት፣ ተማሪዎች የአንድን የኬላ ወይም የግቢ በር ማገጃ ሥዕል ከነመጠኑ በእርሳስ ሠርተው ይምጡ። የረጅሙንና የአጭሩን ክንድ ርዝመት በእርምጃ ወይም በሜትር ለክተው ይጻፉ፤ የድንጋዩን ክብደት ከዚያ አስልተው ይገምቱ። ከ10 ነጥብ 4ቱ ለሥዕሉ ይሁን። ሲታረም ማማሩ አይታይ፤ ማገጃው የሚዞርበት ነጥብ በትክክለኛው ቦታ ላይ መቀመጡ፣ ድንጋዩ በምን እንደ ታሰረና ከመዞሪያው ምን ያህል እንደ ራቀ መታየቱ ይበቃል።